ሰባት ነጥብ

ከቁስቋም ቁልቁለት፣ ቀሃ ወንዝ ዳር ላይ፣
አራት መደብ አለኝ ከደጄ የሚታይ፤
ሦስቱ ጥቅል ጎመን፣ አንዱ ግን ባቄላ፣
ቁልቋል አጠርኩበት ፍየል እንዳይበላ።

ዘንድሮ በኅዳር ክሽክሽ ሰፈረበት፤
ቅጠሉ ተኮማትሮ ሙጫ ወረደበት።
ዐመድ ነሰነስኩኝ፤ ሳሙና በጠበጥኩ፤
እትዬ ዘርፌ ያሉኝን አንድ ሳላስቀር ሞከርኩ፤
ምንም።

ደምለው መርጫውን በጀርባው አዝሎ
መጣ፣ «ላራቱ መደብ ሁለት መቶ ብር» ብሎ።
አፉን በሻሽ አስሮ ቧንቧውን ሲያቀና
ልጄ ትርንጎ መሀል ገባች፣ ሮጠችና፦
«አትርጭ! ቆይ፣ ይቺን እያት፤
ቁርሷን እየበላች ናት።»

የምስር ክክ ታክላለች፤ እንደ ክኩም ቀይ፤
ጥቁር ጥቁር ቀለም ጠብ ጠብ ያለባት ከላይ።
አንዱን ክሽክሽ ይዛ ቀስ ብላ ታኝካለች፣
እግሩን ትታ ደግሞ ወደ ሌላው ታዘግማለች።

«ስሟ ማነው?» አለች።
«ጥንዚዛ ነዋ» አልኳት፤ አልጣማትም ስሙ፤
«ጥንዚዛ ጥቁር ነው፤ እበት ነው ዓለሙ።»

እትዬ ዘርፌ ካጥሩ ማዶ ሰምተው፣
«እኛ ልጅ ሳለን» አሉ፣ ጣታቸውን ዘርግተው፣
«እዚህ ላይ አውጥተን እንጠይቃት ነበር፦
'ባሌ ከወዴት ነው? ወዲያው ብረሪ በአየር።'
የኔዋ ወደ ደምቢያ በረረች።
ባሌ ካርማጭሆ መጣ።
ዋሸች።»

ደምለው መርጫውን ከጀርባው ሳያወርድ፣
«እናቴ ትል ነበር፦ 'እሷን የገደለ
ላሙ ደም ታለበ'» አለና ዝም አለ።
«ላም የለኝም ደግሞ» ብሎ ሳቀ ቆይቶ፤
ቧንቧውን ግን ዘጋው፣ ዓይኑን እሷ ላይ ትቶ።

ስም ፍለጋ ወጣን ወዳባቴ ደጃፍ።

አባቴ ልሳነወርቅ ቁም ጸሐፊ ነበር፤
ብራና ሲፍቅ ውሎ መቃ ሲቀርጽ የሚያድር፤
ጥቁሩ ለነገር፣ ቀዩ ለስም ብቻ፣
ለማርያም፣ ለመላእክት፣ ለወር መባቻ።
አሁን ዓይኑ የለም፤ ከደጃፉ መደብ
ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል፣ ጋቢውን ሲያነብብ።

ትርንጎ እጁን ይዛ፣ ጠቋሚ ጣቱ ላይ፣
መቃ ካደነደነው ጉብታ በላይ፣
አስቀመጠቻት።
ዝም አለ። ሄደችበት።
ካንጓው ወርዳ በመዳፉ ዞረች፣
ቆመች፤ ተመልሳ ሽቅብ ጀመረች።

«መቃ ነው» አለ አባቴ፤ «ቀለም ሲያልቅበት
እንዲህ ይኮረኩራል። ምን ዓይነት መልክ አላት?»
«ቀይ ናት። ነጥብ አላት።»
«ስንት?»
ቆጠረች፣ ሳተች፣ ደግማ ቆጠረች።
«ሰባት።»

«ሁለት ነጥብ ቃል ይለያል፤
አራት ነጥብ ነገር ይዘጋል፤
ሰባት…» አለና አሰበ፤ «ሰባት አልጻፍኩም።
እሱ ገና የሚሄድ ነገር ነው፤ አልተዘጋም።»
«ስሟስ?»
«ስሟማ ላይዋ ላይ ተጽፏል፣ በቀዩ።
እኔ ዓይን የለኝ፤
እናንተ ፊደሉን አታውቁት።»

ደምለው ሦስቱን ረጨ። ባቄላውን ተወው።
ሃምሳ ብር ቀነሰ።
ጥቅሎቹ ዳኑ፤ ሽታቸው ግን ሰነበተ።
ባቄላው እኩሌታው ጠቆረ፣
እኩሌታው አበበ። ይኸው ነው።

በሳምንቱ ቅጠል ስገልብ ሌላ ነገር አየሁ፤
አዞ የመሰለ፣ ግራጫ፣ ሻካራ፤ ልጨፈልቀው ቃጣሁ።
«ተዪው፣ ልጇ ነው!» አለች ትርንጎ።
«እንዴት አወቅሽ? ምኑም አይመስላት!»
«እኔስ አንቺን መች እመስላለሁ?»

ያን ቀን ግን፣
አባቴ ጥፍር ጫፍ ላይ ክንፏን ከፈተች፣
ቀዩ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ በረረች።
«ወዴት ዞረች?» አሉ እትዬ ዘርፌ ካጥሩ ማዶ።
ማንም አልመለሰ።
አባቴ ጣቱን እንደዘረጋ ቆየ፣
ፀሐይዋ ከመደቡ እስክትወርድ፣
ቀለሙ እስኪደርቅ እንደሚጠብቅ ሰው።